ለፋሌማይ ያልደረሰው ውሃ

ጃንዋሪ 9

ዛሬም አልዘነበም። ጠዋት ቢሮ ስገባ ታማግ ጉንጩን በሚያኝከው የቢትል ፍሬ ወጥሮ፣ መስኮቱ ላይ ተደግፎ ሰማይ ሰማይ ያያል።

«ሌሳማግ፣ እናንተ የውጭ ደሴት ሰዎች ዝናብ የሚጠራ ሽማግሌ የላችሁም እንዴ?»

«ነበረን። ደመወዝ ተቆርጦለት እናንተ ቢሮ ገባና እንቅልፉን ይለጥጣል።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ታማግ የዋናው ደሴት ልጅ ነው፤ እኔ ራቅ ብለው ካሉት ትንንሽ ደሴቶች ከአንዷ የመጣሁ ነኝ። የአለቆች ሸንጎ ጸሐፊ ስለሆነ ከእኔ ቢሮ ጎን ይሠራል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ምላሱ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ገዥው አስጠሩኝ። «ተጠባባቂ የምትለዋን ቃል ከስምሽ ላይ የምናነሳበት ጊዜ ደርሷል» አሉኝ። ሹመቴን በማርች ለምክር ቤቱ ያቀርባሉ። የውጭ ደሴቶች ጉዳይ መምሪያ ኃላፊ! ከውጭ ደሴት የመጣች ሴት እዚያ ወንበር ላይ በሹመት ተቀምጣ አታውቅም። ስወጣ ደግሞ፣ «እስከዚያ ድረስ ስምሽ በክፉ እንዳይነሳ» አሉኝ።

ስሜ በምን በክፉ ይነሳል?

ጃንዋሪ 15

የጠዋት ሬዲዮ። ደሴቶቹ በየተራ ይናገራሉ። የሚናገረው አለቃው ነው። አለቃው ያለው ይመዘገባል፤ የተመዘገበው ደግሞ የክልሉ መንግሥት የሚያውቀው ነገር ይሆናል። ያልተመዘገበውን መንግሥት አያውቅም፣ ሰው ያውቃል እንጂ።

ሱረዋል፦ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያቸው ሊያልቅ ነው። ኦላሜት፦ ልብስ ማጠብ አቁመዋል። ዋና ምግባቸው የዳቦ ፍሬው ሳይበስል ከዛፉ እየረገፈ ነው። ፋሌማይ፦ «ደህና ነን። ሌሎቹን እዩ።»

የፋሌማይ አለቃ ታላቅ ወንድሜ ያሮፋል ነው። በሬዲዮ «ቢሮው» ይለኛል፤ እኔም «ፋሌማይ» እለዋለሁ። ፊት ለፊት ስንገናኝም ብዙ አናወራም። በእኛ ወግ እህት በወንድሟ ፊት ቀጥ ብላ አትቆምም፣ እሱ ተቀምጦ ከሆነ ጎንበስ ብላ ታልፋለች፣ በአደባባይ ስሙን አታነሳም። እዚህ ላይ መጻፌ ራሱ ያሳፍረኛል።

ደህና ነን ካለ ደህና ናቸው።

ጃንዋሪ 27

የመምሪያ ኃላፊዎች ስብሰባ በገዥው አዳራሽ። ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ። ከሁለቱ መርከቦቻችን አንዷ ከተሰበረች ቆይታለች። ስለዚህ አንዲት መርከብ፣ የባሕሩን ውሃ ከጨው የሚያጣሩ ጥቂት ማሽኖች፣ የውሃ በርሜሎች፣ ሩዝ። የጤና መምሪያው «መጀመሪያ ሕፃናት የበዙበት» ይላል። የሥራና ትራንስፖርቱ «መጀመሪያ ነዳጅ የሚቆጥበው መንገድ» ይላል። የገንዘብ ኃላፊዋ፣ ምክር ቤቱ ሳይፈቅድ አንዲት ሳንቲም አላወጣም አሉ። ትክክል ናቸው፣ ሕጉ ይኸው ነው። ገዥው ያዛሉ፣ ምክር ቤቱ ይፈቅዳል፣ አለቆቹ ወጉን ይጠብቃሉ። ሁሉም ሥራውን ሲሠራ እንኳ ውሃው ከወደቡ ንቅንቅ አይልም።

የጉዞውን ተራ እንድሠራ ለእኔ ሰጡኝ።

ለሻይ ስንወጣ፣ ከምክር ቤት አባላት አንዱ ኮሪደሩ ላይ ለሌላው ሲያወራ ሰማሁት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር።

«ምን ትጨነቃለህ? መርከቧ እኮ የሌሳማግ የቤተሰብ ታንኳ ናት። ሄዳ ሄዳ ፋሌማይ ነው የምትቆመው።»

«ሹመቷ ሲመጣ እንጠይቃታለን።»

ሻዬን ሳልጠጣ ተመለስኩ። በሰባት ዓመት ሥራዬ አንድ ጆንያ ሩዝ እንኳ ለፋሌማይ አስበልጬ አላውቅም። አንድ ጆንያ!

ፌብሯሪ 3

ከአለቆቹ ተራ በኋላ የፋሌማይ የጤና ረዳት ኢግናስዮ የመድኃኒት ጥያቄ አለኝ ብሎ በሬዲዮው ገባ። ስለ መድኃኒት ትንሽ ተናገረና፣

«ልጆቹ አሁን ኮኮናት ብቻ ነው የሚጠጡት» አለኝ። «ይጣፍጣል ይላሉ።»

«ማጠራቀሚያውስ?»

ሬዲዮው ተንሿሿ።

«አለቃው እዚህ አጠገቤ ናቸው» አለ። «ሰላምታ ብለዋል።»

እኔ እዚያ ያደግሁ ነኝ። ልጆች ኮኮናት ብቻ የሚጠጡት ማጠራቀሚያው ሲደርቅ መሆኑን ማንም አያስረዳኝም። ግን የሚመዘገበው የአለቃው ቃል ነው። የጤና ረዳት ስለ መድኃኒት ነው የሚናገረው። እኔ ያልተባለ ነገር ጽፌ ገዥው ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጥ ምን እባላለሁ? ደግሞም ወንድሜን ውሸታም ማድረግ ነው።

ፌብሯሪ 8

ተራውን ጨረስኩ። ሱረዋል፣ ኦላሜት፣ ሌሎቹ ትንንሾቹ፣ በመጨረሻ ፋሌማይ። መመዘኛው የአለቆች ሪፖርት ነው፤ ለማንም ማስረዳት እችላለሁ።

ካፒቴን ጊልመቴ ካርታውን ዘርግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ሽማግሌ ናቸው፤ እነዚህን ውሃዎች ከእኔ ዕድሜ በላይ ተመላልሰውባቸዋል።

«ልጄ፣ ወደ ሱረዋል ስሄድ ፋሌማይ መንገዴ ላይ ናት። መብራቷን እያየሁ ነው የማልፈው። ጎራ ብዬ ጥቂት በርሜል ባወርድ ምን አለበት?»

«ደህና ነን ብለዋል፣ ካፒቴን። የሱረዋል ሰዎች ግን አልቆባቸዋል።»

«ደህና ነን ማለት እኮ…» ብለው ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ካርታቸውን ጠቀለሉ። «እሺ። አንቺ ካልሽ።»

ፌብሯሪ 12

መርከቧ ትናንት ወጣች። ሕዝቡ ወደቡ ላይ ቆሞ ሸኛት፣ ቄሱ ባረኳት።

ገዥው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ይህ ነው ሥራ ማለት! የራስሽን ደሴት መጨረሻ ላይ ማድረግሽን ለአፈ ጉባኤው ነግሬዋለሁ። ‹ሰው እንዲህ ነው› ብሎ ሲያደንቅሽ ነበር» አሉኝ።

ደስ አለኝ። ሥራው በመመስገኑ ነው።

ፌብሯሪ 20

የሞተር ብልሽት። ኦላሜት ላይ አራግፋ ስትወጣ። በአንድ ሞተር እያዘገመች ትመለሳለች። ከዚያ በላይ መሄድ አትችልም። መለዋወጫው ከጉዋም ነው የሚመጣው። መቼ? ማንም አያውቅም።

ፋሌማይ አልደረሰችም። ስትመለስም በአቋራጭ፣ በሩቁ ነው የምታልፋት።

ፌብሯሪ 22

ጠዋት በሬዲዮ ነገርኳቸው። «ፋሌማይ፣ መርከቧ ተበላሽታለች፤ ትዘገያለች። ሁኔታችሁን ንገሩን።»

«ሰምተናል» አለ ወንድሜ። «ደህና ነን።»

ታማግ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም።

ፌብሯሪ 28

እሑድ። ከቅዳሴ ወጥቼ ቢሮ ገባሁ፤ ለምን እንደገባሁ አላውቅም። ሬዲዮውን ከፈትኩት። በእሑድ ማንም አይናገርም።

«ቢሮ… ቢሮ… እማዬ አለሽ?»

ቴዎፊላ ናት። የሟች እህቴ ልጅ፤ በእኛ ወግ የእህት ልጅ የራስ ልጅ ናት፣ እናቷ ከሞተች ወዲህም እኔው ነኝ ያሳደግኋት። ሴት ወደ አለቃው ሬዲዮ አትጠጋም፤ ወንዶቹ ቤተ ክርስቲያን እያሉ ሾልካ ገብታ ነው።

«ምን ሆናችሁ?»

«ከአሮጌው ጉድጓድ መጠጣት ጀምረናል። ጨው ጨው ይላል፣ ሽታም አለው። ኮኮናቱ አለቀ። ጎደሬው ቢጫ ሆኗል። ሬጂና ሆዴን ትላለች…»

«አፍልታችሁ ጠጡ! ቴዎፊላ፣ ትሰሚያለሽ? አፍልታችሁ!»

«እናፈላለን። ማገዶው—» ብላ ድምፅዋ ተቋረጠ። ሰው መጥቶባት ይሆናል።

ሬጂና ልጇ ናት። ባለፈው ዓመት ስሄድ ሽርጤን ይዛ ከኋላዬ ከኋላዬ ስትሮጥ ነበር። ሴት አያቷ ነኝ እኔ።

ነገ ለገዥው እነግራቸዋለሁ።

ማርች 1

ለሕግ አማካሪው ነገርኩት፤ ገዥው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ጀልባ እንከራይ አልኩ። አማካሪው ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። አንድ በአንድ አስረዳኝ። ጀልባ ለመከራየት የአደጋ ጊዜ ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘቡን ምክር ቤቱ ይፈቅዳል። ምክር ቤቱ እንዲፈቅድ ገዥው ደሴቲቱ ችግር ላይ መሆኗን በጽሑፍ ማቅረብ አለባቸው። እሳቸው የሚያቀርቡት ደግሞ የተመዘገበውን ነው።

«የተመዘገበው ‹ደህና ነን› ነው» አለኝ። «ሌላ የምታውቂው ነገር ካለ ግን አንቺ በስምሽ ፈርመሽ ማቅረብ ትችያለሽ። ከአለቃው ቃል የሚቃረን መሆኑን ጠቅሰሽ።»

«በስሜ።»

«በስምሽ። ሹመትሽም የሚታየው በሚቀጥለው ሳምንት ስለሆነ… አንቺ ታውቂያለሽ።»

መለዋወጫው ምናልባት ከዚያ በፊት ይደርሳል። ጉዋም ደወልኩ፤ «በዚህ ሳምንት» አሉኝ። በዚህ ሳምንት ካለቀ ምንም አይደለም። ትንሽ ቀን ነው።

ማርች 5

መለዋወጫው አልመጣም። ፋሌማይ፦ ደህና ነን። እየሰማሁ ጻፍኩ።

ማርች 10

ሹመቴ ትናንት ጸደቀ። አንድም ተቃውሞ የለም። አንዱ አባል ተነስቶ፣ «ለራሷ ወገን የማታዳላ» ብሎ አመሰገነኝ። ያ ኮሪደር ላይ የሰማሁት ሰውዬ ነው።

ታማግ የተጠበሰ ዓሣና ቢራ ይዞ መጣ። «እንግዲህ ክብርት ኃላፊ እንበልሽ? ወይስ እንደ ድሮው እየሰደብንሽ እንቀጥል?»

በላሁ። ሳቅሁ። ለወንድሜ በሬዲዮ ማን ነግሮት እንደሆነ አላውቅም፣ በጠዋቱ ተራ ላይ «ለቢሮው እንኳን ደስ አላችሁ» አለ። ከዚያ ሳል። ከዚያ ደህና ነን።

ማርች 12

ኢግናስዮ ነው የተናገረው። አለቃው አልነበሩም፣ ወይም ነበሩ። ተቅማጥና ትውከት። ሕፃናትና ሽማግሌዎች። የሚያጠጣቸው ንጹሕ ውሃ የለውም፤ በመድኃኒቱ ዱቄት ላይ የሚጨምረው የጉድጓዱን ውሃ ነው። ሽማግሌው ሉዊስ ዛሬ ንጋት ላይ አርፈዋል።

«ለምን አልነገራችሁንም?» ብዬ ጮህኩበት።

«ነግሬሽ ነበር» አለኝ ኢግናስዮ፣ ቀስ ብሎ።

ማርች 13

ሬጂና።

ማርች 17

አሁን ሁሉም ነገር ይሮጣል። ገዥው አዋጅ ፈረሙ፤ ምክር ቤቱ በዚያው ከሰዓት ተሰብስቦ ገንዘብ ፈቀደ፤ አለቆቹ መልእክት ላኩ፤ የፌዴራል መንግሥቱ ነርሶች ሰጠ። መለዋወጫው ደርሷል፤ መካኒኮቹ ከመርከቧ ሆድ አልወጡም። ይህ ሁሉ ይቻል ነበር ማለት ነው። አንድ ፊርማ ብቻ ነበር የጎደለው።

አብሬ እሄዳለሁ አልኩ። ማንም አልከለከለኝም።

ማርች 22፣ ፋሌማይ

ገና ሩቅ ሳለን ደሴቲቱ ቡናማ ሆና ታየችኝ። የኮኮናቱ ቅጠል ተንጠልጥሏል። ሁልጊዜ መርከብ ሲመጣ ልጆች እየጮሁ በዋና ይቀበሉናል። ዛሬ የተቀበሉን ወንዶች ናቸው፣ ዝም ብለው። በርሜሎቹን ሲያወርዱ ከሞተሩ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም። ነርሶቹ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጡ። ጨው የሚያጣራው ማሽን ተተክሎ የመጀመሪያው ውሃ ሲወርድ አንዲት አሮጊት መዳፋቸውን ከሥሩ አድርገው ቀመሱና፣ «ጣዕም የለውም» አሉ። ከዚያ መላልሰው ጠጡ።

ወንድሜ ከታንኳዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ከስቷል፤ የአንገቱ ጅማት ወጥቷል። ጎንበስ ብዬ አለፍኩት። አላየኝም፤ ወይም እንዳላየ ሆነ።

ቴዎፊላ በሯን ዘግታለች። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ጠራኋት። ባሏ ወጥቶ፣ «ተኝታለች» አለኝ። ከውስጥ ስትንቀሳቀስ እሰማታለሁ። የሬጂናን መቃብር ጎረቤት አሳየኝ። በኮራል ጠጠር ከበውታል፤ ላዩ ላይ አንዲት የፕላስቲክ ኩባያ አለች።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወንድሜ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደ። ተከተልኩት። ከኋላው አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ፊቱን ወደ ባሕሩ እንዳደረገ ተናገረ፤ እንዲህ ሲሆን ወጉ ይፈቅዳል።

«መርከበኞቹ በገና ጊዜ ነግረውኛል» አለ። «ከተማ ውስጥ የሚወራውን። መርከቧ የሌሳማግ የቤተሰብ ታንኳ ናት እንደሚሉ።»

«ወሬ ነው፣ ጋሼ።»

«ወሬ መሆኑን አጣሁት? እህቴ በእኔ ምክንያት ወንበሯን እንዳታጣ ብዬ ነው። ትንሽ ብንታገስ ይዘንባል አልኩ። ሰዉንም ‹ዝም በሉ፣ ልጃችን የምትሾምበት ወር ነው› አልኳቸው። እሺ አሉኝ። ኩራት ሆኖላቸው ነበር።»

ፊቱን ከባሕሩ አላዞረም።

«ልጅ ሳለን ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ወድቄ እግሬ ሲሰበር» አለ፣ «ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ አልኩ። አንቺ ነሽ ሮጠሽ እናታችንን የጠራሽው። ደህና እንዳልሆንኩ በምን እንዳወቅሽ ስትጠየቂ፣ ‹ደህና ነኝ ስላለ› ነበር ያልሽው።»

ማዕበሉ እስከ እግሩ መጥቶ ተመለሰ።

«አሁን ደህና ነን ስል አመንሽኝ ወይ?»

አሸዋው ላይ ጥሎኝ ሄደ።

ማርች 23

ከደረስን ወዲህ ሞት የለም። ነርሶቹ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ቴዎፊላ በሯን አልከፈተችም። መርከቧ ስትነሳ ዞሬ ዞሬ አየሁ።

ኤፕሪል 6

ምክር ቤቱ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ጋዜጣ፣ ሬዲዮ፣ ከጉዋም ሁሉ ስልክ። ገዥው አስጠርተው በር ዘጉ። የሕግ አማካሪውም ነበር።

«አንቺ ንጹሕ ነሽ» አሉኝ። «ያለውን ብቻ አንብቢላቸው። አለቃው ደህና ነን ብለዋል፣ አንቺም በዚያ መሠረት ሠርተሻል። አለቀ።»

«አለቃው ግን ምን ይሆናሉ?»

«አለቃ ማን ይነካዋል? ትንሽ ይታማሉ።»

ወንድሜን የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለው።

ስወጣ ታማግ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። የቢትል ፍሬ አብሮት ከሚታኘከው ኖራ ጋር አቀበለኝና፣ «አንቺ ከዚህ ንጹሕ ሆነሽ ከወጣሽ» አለ፣ «የቆሸሸው ማን ነው ሊባል ነው?» ከዚያ በራሱ ንግግር ደንግጦ፣ «እንቅልፍ የለጠጠው ሽማግሌ ነው የጠየቀው፣ አትስሚኝ» አለ።

ኤፕሪል 14

እንደምንም ልጻፈው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። አለቆቹ እንደ ወጉ ፊት ለፊት፣ ዝቅ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ወንድሜ ከዳር ነበር። ምስክር ሁሉ ቆሞ ነው የሚናገረው፤ እኔም ቆምኩ። በሕይወቴ ከፊቱ እንደዚያ ቀጥ ብዬ ቆሜ አላውቅም። አንገቱን ደፋ፣ እንዳያየኝ።

ሰብሳቢው ጠየቁኝ። «የፋሌማይ አለቃ ምን ሪፖርት አደረጉ?»

«ደህና ነን ብለው።»

«በየጊዜው?»

«በየጊዜው።»

«በዚያ መሠረት ደሴቲቱን መጨረሻ አደረግሻት።»

የሕግ አማካሪው ወረቀቱን መሰብሰብ ጀምሯል። እዚያ ላይ ባቆም ነጻ እወጣ ነበር።

«አላመንኳቸውም ነበር» አልኩ።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «ምን?»

«አለቃው ደህና ነን ሲሉ አላመንኩም። የጤና ረዳቱ ነግሮኛል። ልጄ ነግራኛለች። ካፒቴኑ በመንገዴ ላይ ላራግፍላቸው ሲሉኝ እኔ ነኝ የከለከልኳቸው። በስሜ ፈርሜ ማሳወቅ እንደምችል ተነግሮኝ ሹመቴ እስኪያልፍ ቆየሁ።»

ማጉረምረም ሆነ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መቱ።

«ለምን?»

«ለራሷ ደሴት አዳላች እንዳልባል።»

«እና አለቃው ለመንግሥት ዋሹ እያልሽ ነው?»

«አይደለም፣ ክቡር ሰብሳቢ። አለቃው እኔን እየሸፈኑ ነበር። እኔ ደግሞ በእሳቸው ተሸፈንኩ። በመሃል ሰው ሞተ።»

ሌሎቹ አለቆች ወደ ወንድሜ ላለማየት ሁሉም ጣሪያውን ያያሉ። እሱ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል። የምክር ቤቱ አባል፣ ያ የኮሪደሩ ሰው፣ ጎሮሮውን ጠራረገ።

ኤፕሪል 15

የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ሰጠሁ። ገዥው ተቆጡ። «አንቺን ለማዳን ስንት ሰው ደከመ!»

«አውቃለሁ፣ ክቡር ገዥ። ድካሙ ለተሳሳተ ሰው ሆነ።»

ቆይተው ግን ድምፃቸው ለዘበ። «ምን ቢደረግ ይሻላል? ከመሄድሽ በፊት ንገሪኝ።» ይህን መጠየቃቸው ለእሳቸው ይቆጠርላቸው።

ነገርኳቸው። ከየደሴቱ አለቃው ብቻ አይናገር። የጤና ረዳቱም ይናገር፤ ሴቶቹ የመረጧት አንዲት ሴትም ትናገር። ሦስቱም ለየብቻ፣ አንዱ ሌላው ሳይሰማው። አንዱ ከሌላው ቢለይ እንኳ መርከቧ ትውጣ፣ ማጣራቱ በኋላ ይምጣ።

«ሴት በአለቃው ሬዲዮ?» አሉ። «ምክር ቤቱ ያሳልፈው ይሆናል። አለቆቹ ግን ይጥሉታል። ወግ የሚነካ ሕግ መጣል ሥልጣናቸው ነው።»

«ይጣሉት እንግዲህ። ግን ይቅረብ።»

ሜይ 3

ዘነበ። ሌሊቱን ሙሉ። የከተማው ሰው ሁሉ ወጥቶ ቆመ። እኔ አልወጣሁም።

ሜይ 11

ረቂቁ በምክር ቤቱ አለፈ። የሕግ አማካሪው ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። አሁን አለቆቹ ዘንድ ነው። አንድ አለቃ ብቻ ቢቃወም ሌሎቹ አይጫኑትም፤ ረቂቁን ይጥሉታል። ደግሞ ሁሉም የሚያየው ወደ ፋሌማይ ነው፤ ነገሩ የመጣው ከእሱ ቤት ነውና።

ወንድሜ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቃል አልላከብኝም። ቢጥለው አልፈርድበትም። እህቱ በሕዝብ ፊት ቀጥ ብላ ቆመችበት።

ሜይ 25

ታማግ ከሸንጎው እየሮጠ ቤቴ መጣ። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም።

«ተቀመጪ» አለኝ። ተቀመጥኩ። «ክርክሩ ጠዋት ሙሉ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ‹ሴት በሬዲዮ ስትጮህ ዓሣው ይሸሻል› ሁሉ ብለዋል። በመጨረሻ ሁሉም ዝም ብለው ወንድምሽን አዩ። ‹ፋሌማይ ምን ይላል?› ተባለ።»

«ምን አለ?»

«ምንም። የቢትል ከረጢቱን አነሳና፣ ‹ኖራ አልቆብኛል፤ ልፈልግ› ብሎ ወጣ።»

«ወጣ?»

«ወጣ! ከረጢቱ ውስጥ ኖራ ሙሉ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ደጅ ዛፉ ሥር ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ትንሽ ጠበቁት። ከዚያ አንጋፋው፣ ‹የተቃወመ የለም› አሉና ደመደሙ። ሌሳማግ፣ አለፈ።»

ወንድሜ እሺ ሊል አይችልም ነበር፤ ወጉ አይፈቅድለትም። እንቢ ማለት ደግሞ አልፈለገም።

ታማግ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፣ እንዳላለቅስ ብሎ ይሁን እንዳያየኝ ብሎ።

ጁን 8፣ ፋሌማይ

ተመልሼ መጣሁ፤ ለመቆየት። ደሴቲቱ አረንጓዴ ሆናለች፤ አረንጓዴነቷ ራሱ ያስከፋል።

ወንድሜ በሌላ ሰው በኩል ዓሣ ልኮልኛል። ያሮፋል ነው የላከው አልተባለም፤ «ተርፎ ነው» ተባለ።

ሴቶቹ የምትናገረውን ሴት ለመምረጥ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተሰበሰቡ። አንዷ የእኔን ስም አነሳች። ያኔ ውሃውን «ጣዕም የለውም» ያሉት አሮጊት፣ «አንቺ ከመንግሥት ጋር ብዙ ኖረሻል ልጄ፤ ትንሽ ከእኛ ጋር ኑሪ» አሉኝ። በቁጣ አይደለም። ገና ይከራከራሉ፤ ድምፀ ወፍራም ትሁን የሚሉ አሉ፣ ባሏን የማትፈራ ትሁን የሚሉ አሉ።

ቴዎፊላ በስብሰባው ላይ ነበረች። ወደ እኔ አላየችም።

ጁን 14

ዛሬ ሴቶቹ ጎደሬው ማሳ ወረዱ። ድርቁ የጎዳውን እየነቀሉ፣ የተረፈውን እየኮተኮቱ። እኔም ሽርጤን ሰብስቤ ጭቃው ውስጥ ገባሁ። ስንት ዓመቴ ነው እንዲህ ካደረግሁ፤ ወገቤ ወዲያው ጮኸ።

ቴዎፊላ መጥታ ከጎኔ ያለውን ረድፍ ያዘች። ያልተያዘ ሌላ ረድፍ ሞልቶ ነበር። አብረን ስንሠራ ቆየን። እስትንፋሷን እሰማለሁ። ስለ ሬጂና የማዘጋጀው ቃል ሁሉ አፌ ውስጥ ሲደርስ ውሸት ይሆናል።

አንዲት ትልቅ ቅጠል ያላት ጎደሬ ይዤ ልነቅል ስል እጇ እጄ ላይ መጣ።

«ያቺን ተያት፣ እማዬ» አለች። «ገና ናት።»

ተውኳት። ወደ ቀጣዩ ሄድን።